አንድ ትሪ፣ ሁለት ግፊት፦ ስኳርና ዱቄት የባልንና የሚስትን የደም ግፊት እንዴት እንደሚነካ ቤት ውስጥ መፈተሽ

ባልና ሚስት ከአንድ ትሪ ይበላሉ። እንጀራው አንድ፣ ወጡ አንድ፣ ጨውም አንድ። ግፊታቸው ግን ይለያያል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስኳርና ነጭ ዱቄት ሲበዛ ኢንሱሊን፣ ማለትም የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ሆርሞን፣ ይበዛል። ኢንሱሊን ሲበዛ ኩላሊት ጨውን ከማስወጣት ይልቅ መልሶ ይይዘዋል። ውሃ ደግሞ ጨውን ይከተላል፤ ግፊት ይጨምራል። ሴት የወር አበባ እስካየች ድረስ ኢስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን የደም ሥሯን ስለሚያላላ የተወሰነ ከለላ አላት። ፍሩክቶስ የተባለው ስኳር በብዛት የተሰጣቸው ወንድ አይጦች ግፊታቸው ሲጨምር ሴቶቹ ተርፈዋል። እርግጥ አይጥ ሰው አይደለም፤ በሰው ላይ ያለው ማስረጃ ገና ቁርጥ አላለም። ስለዚህ የራሳችሁን ለኩ።

መጀመሪያ መለኪያ። ክንድ ላይ የሚጠመጠም ዲጂታል ይሁን። የእሱ ክንድ ወፍራም ከሆነ ለእሷ ልክ የሆነው ጨርቅ ለእሱ ይጠበዋል፤ የጠበበ ጨርቅ ደግሞ ግፊትን አጋንኖ ያሳያል። ይህን ሳያጣሩ «ወንድ ስለሆነ ነው» ማለት ቀልድ ነው።

ከዚያ ምግብ ሳትቀይሩ አንድ ሳምንት ለኩ። ጠዋት ከቁርስና ከመድኃኒት በፊት፣ ማታ ከራት በፊት። በፊት ባሉት 30 ደቂቃዎች ቡናም ሲጋራም የለም። ሽንት ቤት ደርሳችሁ 5 ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ጀርባ ይደገፍ፣ እግር አይነባበር፣ ክንድ በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለቴ ለክታችሁ ጻፉ። የመጀመሪያውን ቀን ትታችሁ የቀሪውን አማካይ ያዙ። ቤት ውስጥ 135 በ85 ከደረሰ ከፍ ብሏል። ከምግብ በኋላ ወዲያው አትለኩ፤ በተለይ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ዱቄት የበዛበት ምግብ ከበሉ በኋላ ግፊታቸው ለጊዜው ይወርድና «ተሻለኝ» ብለው ይሸወዳሉ።

አሁን ቀይሩ፤ ግን እንጀራውን አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። በ1997 አሜሪካ ውስጥ ውጤቱ የወጣው ዳሽ የተባለው አመጋገብ ከግማሽ በላይ ኃይሉን የሚያገኘው ከካርቦሃይድሬት፣ ማለትም ከስኳርና ከዱቄት ዓይነት ንጥረ ነገር፣ ነበር። ሆኖም ግፊት ያለባቸውን ሰዎች የላይኛውን ቁጥር በ11 ገደማ አውርዷል። ምንጩ አትክልት፣ ፍራፍሬና ያልተፈተገ እህል ነዋ! ስለዚህ የጤፍ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስርና ቅንጬ ይቆዩ። የሚቀነሰው ለስላሳ፣ የሻይ ስኳር፣ ነጭ ዳቦና ብስኩት ነው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በቀን ለሴት 25፣ ለወንድ 36 ግራም የተጨመረ ስኳር ይበቃል ይላል። እሷ በአንዷ ጠርሙስ ብቻ አለፈች ማለት ነው። በምትኩ ሽምብራ ወይም ባቄላ ብሉ።

ጨዉን ግን አብራችሁ አትቀይሩ፤ አለዚያ የቱ እንደሠራ አይታወቅም። ጾም ሊገባ ወይም ሊፈታ ሲልም አትጀምሩ፤ ገበታው ራሱ ይገለበጣል። ጉርሻም እንዳይረሳ፤ ከትሪ ሲበላ ማን ስንት እንደበላ ማወቅ አስቸጋሪ ስለሆነ የየድርሻችሁን እንጀራ ለዩ።

አራት ሳምንት ቆይታችሁ እንደገና አንድ ሳምንት ለኩ። እሱን ከእሷ ጋር አታወዳድሩ፤ እያንዳንዱን ከራሱ ከቀድሞው ጋር። እሷ የወር አበባ ቀኗን፣ ካረጠችም ይህንኑ ትጻፍ። ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ ግፊት ሊጨምር ስለሚችል እሱም ይመዝገብ።

ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ወይም ከሁለት አንዳችሁ የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ሳትጀምሩ ሐኪም አማክሩ። 180 በ120 ካለፈና ደረት ከወጋ ወይም ዓይን ከደበዘዘ ሙከራው ይቅር፤ በቀጥታ ሆስፒታል። ለሐኪም የምታሳዩት ማስታወሻ ሁለት ገጽ ይሁን፤ የእሱ ለብቻ፣ የእሷ ለብቻ።