የደጋፊዎች መዋጮ ሲቀንስ ጌም ሠሪው ምን ያድርግ?

ለብቻችሁ፣ ወይም ከአንድ ሁለት ሰው ጋር ሆናችሁ ጌም ትሠራላችሁ እንበል። ወጪያችሁን የሚሸፍኑት በየወሩ ትንሽ ትንሽ የሚያዋጡ ደጋፊዎች ናቸው። ገቢው መጀመሪያ ላይ ጨመረ፣ ከዚያ ቆመ፣ አሁን ደግሞ በየወሩ እየወረደ ነው። እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው ወዲያው ለደጋፊዎች አዳዲስ ስጦታ መደርደር ይጀምራል። እኔ ይሄ የመጨረሻው እርምጃ መሆን አለበት ባይ ነኝ። የመውረዱ ምክንያት ሳይታወቅ የተጨመረ ስጦታ የሥራ ሰዓት ይበላል። ሰዓቱ ሲበላ ጌሙ ይዘገያል። ጌሙ ሲዘገይ ደግሞ የቀሩትም ደጋፊዎች ተስፋ መቁረጥ ይጀምራሉ።

መጀመሪያ ቁጥሩን አጥሩ

የአንድ ወር ገቢ ብቻውን ምንም አይናገርም። ትልቅ አፕዴት ሲወጣ ወይም አንድ ታዋቂ ዩቲዩበር ጌማችሁን ሲጫወት መዋጮው በአንዴ ይዘላል። በቀጣዮቹ ወራት ወደነበረበት ሲመለስ የወረደ ይመስላል፣ ግን አልወረደም። ስለዚህ ቢያንስ የአንድ ዓመት ተኩሉን ገቢ በኤክሴል ላይ ደርድሩና የየሦስት ወሩን አማካይ አውጡ። አማካዩን ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወራት ጋር አስተያዩት። ከዚህ በኋላም ዝቅ ካለ፣ በእርግጥ ወርዷል።

ከጠቅላላው ገንዘብ ጎን ሌላ አራት ዓምድ ይኑር፦ በወሩ የመጡ አዳዲስ ደጋፊዎች፣ የለቀቁ፣ መዋጯቸውን ዝቅ ያደረጉ፣ እንዲሁም ክፍያቸው ያልተሳካ። ወርሃዊ መዋጮ የሚሰበሰብበት ድረ ገጽ ፓትሪዮን የደጋፊዎችን ዝርዝር በፋይል ለማውረድ ስለሚያስችል ይህን መሙላት ብዙ አይከብድም።

የመጨረሻውን ዓምድ ብዙ ሰው አያየውም። ካርዱ ጊዜው ያለፈበት ወይም በባንኩ ውድቅ የተደረገበት ሰው እናንተን ለመተው አልወሰነም። ክፍያው እንዳልሄደለት ራሱ ላያውቅ ይችላል። «የዚህ ወር ክፍያ አልተሳካም፣ ምናልባት ካርድህን ማደስ ያስፈልግ ይሆናል፤ ካልፈለግክም ምንም ችግር የለም» የሚል አጭር መልእክት ይበቃል። ከሁሉም እርምጃ ቀላሉ ይሄ ስለሆነ ዛሬውኑ አድርጉት።

ስንት መጡ፣ ስንት ሄዱ

ይህን ክፍል ረጋ ብላችሁ አንብቡት፣ ሌላው ሁሉ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው።

600 ደጋፊዎች አሏችሁ እንበል። በየወሩ 20 አዲስ ሰው ይመጣል። ካሉት ውስጥ ደግሞ በየወሩ 5 በመቶው ይለቃል። የ600 አምስት በመቶ 30 ነው። 20 መጣ፣ 30 ሄደ፣ ስለዚህ 590 ቀራችሁ። በዚሁ ከቀጠለ ቁጥሩ እስከ ዜሮ አይወርድም። ወደ 400 ሲጠጋ የሚለቁትም በወር ወደ 20 ስለሚወርዱ መጪና ሂያጁ እኩል ይሆናል። መውረዱም እዚያው ይቆማል።

የራሳችሁን መቆሚያ ለማግኘት በወር የሚመጡትን ሰዎች ቁጥር በወር ለሚለቁት ድርሻ አካፍሉ። እዚህ 20 ለ0.05 ሲካፈል 400 ይሰጣል። ይህን ቁጥር ማወቅ ትልቅ እፎይታ ነው። ብዙ ጊዜ መዋጮ የሚወርደው ሰው ጌሙን ስለጠላ አይደለም። አንድ ሰሞን ብዙ ሰው በአንዴ መጥቶ ስለነበርና ያ ሰሞን ስላለፈ ነው። በሥራችሁ ላይ የተሰጠ ፍርድ አድርጋችሁ አትውሰዱት።

መቆሚያው ዝቅ ያለ ከሆነ ከፍ የሚያደርጉት ሁለት ነገሮች ናቸው። የሚመጡትን ከ20 ወደ 40 ብታሳድጉ መቆሚያው 800 ይሆናል። የሚለቁትን ከ5 ወደ 2.5 በመቶ ብትቀንሱም ያው 800 ነው። ለእናንተ የትኛው እንደሚሻል ሰንጠረዡ ይነግራችኋል። የሚለቁት ድርሻ እንዳለፈው ዓመት ሆኖ የሚመጡት ከቀነሱ፣ ስለ ጌሙ የሚሰማ አዲስ ሰው ጠፍቷል ማለት ነው። መፍትሔው ውጪ ነው፦ ዴሞ (የጌሙን አጭር መሞከሪያ) ማውጣት፣ ቪዲዮ መልቀቅ፣ ጌሙን ለሚያሳዩ ሰዎች መላክ። የሚመጡት እንዳሉ ሆነው የሚለቁት ከበዙ ግን ችግሩ ከደጋፊዎቹ ጋር ባላችሁ ግንኙነት ውስጥ ነው።

የለቀቁት ስንት ወር እንደቆዩም ተመልከቱ። በመጀመሪያው ወር የሚለቅ ሰው የመጣው አንድ ፋይል ለማውረድ ሊሆን ይችላል፣ እሱን ለማቆየት ብዙ አትድከሙ። ሁለት ዓመት ቆይተው የነበሩ ሰዎች በተከታታይ መልቀቅ ከጀመሩ ግን በጣም አሳሳቢ ነው። እነዚህ ጌሙን ከልባቸው የጠበቁ ናቸው።

የሄዱትን ጠይቁ፣ ለቀሩት ጻፉ

ፓትሪዮን ለሚለቁ ሰዎች ምክንያታቸውን የሚጠይቅ አጭር መጠይቅ አለው፣ መልሱን አንብቡ። ከዚያ ረጅም ጊዜ ቆይተው ለሄዱት በግል ጻፉላቸው። አመስግኑ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «ብናስተካክለው ኖሮ ትቆይ ነበር የምትለው ነገር አለ?» እንዲመለሱ አትለምኑ። ኑሮ ከብዶት የለቀቀ ሰው ራሱን መከላከል የለበትም። በጥሩ ስንብት የሄደ ደጋፊ ጌሙ ሲወጣ ከመጀመሪያዎቹ ገዢዎች አንዱ ሊሆን ይችላል።

እናንተ ልታስተካክሉት ከምትችሉት ምክንያት ዋናው ዝምታ ነው። ገንዘብ በየወሩ ይቆረጣል፣ ከጌሙ በኩል ግን ወሬ የለም። መድኃኒቱ በወር አንዴ፣ በታወቀ ቀን የሚወጣ ዘገባ ነው። ምን ተሠራ፣ ምን ተበላሸ፣ ቀጥሎ ምን አለ። የተበላሸውንም ጻፉ፣ ሰው የሥራውን መልክ የሚያየው እዚያ ላይ ነው። የሚታይ ነገር ይኑርበት፦ አጭር ቪዲዮ፣ አንድ ምስል። ወሩ ባዶ ከነበረም «በዚህ ወር የሠራሁት ከውጪ የማይታይ ኮድ ነው» ብሎ ሦስት መስመር መጻፍ ይቻላል።

ለዚህ ጥሩ አርአያ የሚሆኑት የድዋርፍ ፎርትረስ ሠሪዎች፣ ወንድማማቾቹ ታርን እና ዛክ አዳምስ ናቸው። ጌማቸውን እ.ኤ.አ. በ2006 በነፃ አውጥተው ለብዙ ዓመታት በልገሳ ኖሩ። በኋላ ፓትሪዮንንም ጨመሩበት። የወሩን የልገሳ ድምር በግልጽ ያሳውቁ ነበር። ቁጥሩ ከፍ ሲልም ዝቅ ሲልም ደጋፊው ያየዋል። እኔ ይህን ድፍረት አከብራለሁ። ገቢው መውረዱን የሚያውቅ ደጋፊ ለመርዳት ምክንያት አለው፣ የማያውቅ ግን ሁሉም ሰላም ይመስለዋል። «ለዚህ ጌም ሙሉ ጊዜ ለመሥራት በወር ይህን ያህል ያስፈልጋል፣ አሁን እዚህ ደርሰናል» ብሎ አንዴ በግልጽ መናገር በየሳምንቱ ከማሳሰብ ይሻላል።

ስጦታውን በሰዓት መዝኑ

ሁለት ዓይነት ስጦታ አለ። አንዱ አንዴ ተሠርቶ ለሁሉም የሚደርስ ነው፦ ገና ያልወጣ የጌሙ ስሪት፣ የሙዚቃ ፋይል፣ የንድፍ ማስታወሻ። ሌላው ደጋፊ በጨመረ ቁጥር ሥራው አብሮ የሚጨምር ነው፦ በስም የሚሳል ሥዕል፣ በፖስታ የሚላክ ቲሸርት፣ በደጋፊው ስም የሚፈጠር ገጸ ባሕርይ። አዳምስ ወንድማማቾች ለለጋሾች በከለር የተሳለ ሥዕል ወይም አጭር ታሪክ ይልኩ ነበር። ደስ የሚል ነገር ነው፣ ግን እንዲህ ያለው ስጦታ እያንዳንዱ በእጅ የሚሠራ ነው።

ለእያንዳንዱ ስጦታ በወር የሚፈጀውን ሰዓት ጻፉ። ከጎኑ የሚያስገባውን ገንዘብ አስቀምጡ። 10 ሰዓት በልቶ 40 ዶላር የሚያመጣ ካለ መቅረት አለበት። ስታቋርጡት ግን ቃል የተገባውን አስቀድማችሁ አድርሱ፣ ከዚያ ለምን እንደቀረ ንገሯቸው። «ይህን ጊዜ ለጌሙ አውለዋለሁ» የሚል ምክንያት አብዛኛው ደጋፊ ይረዳል። ገንዘብ የሚከፍለው ጌሙ እንዲያልቅ ነውና።

የሚቆረጠውን ክፍያ አትርሱ

ፓትሪዮን ከኦገስት 2025 ወዲህ ገጽ ለከፈቱ አዲሶች 10 በመቶ ይወስዳል። በዚያ ላይ የክፍያ ማስተላለፊያ አለ፦ በመደበኛው የዶላር ተመን 3 ዶላርና ከዚያ በታች ከሆነ 5 በመቶና 10 ሳንቲም፣ ከ3 ዶላር በላይ ከሆነ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም። ስለዚህ ከ1 ዶላር መዋጮ 25 ሳንቲሙ መንገድ ላይ ይቀራል። ያው ደጋፊ በዓመት አንዴ 12 ዶላር ቢከፍል በእጃችሁ 10 ዶላር ከ15 ገደማ ይገባል። በየወሩ 1 ዶላር ሲከፍል ግን በዓመት 9 ብቻ ነው። የዓመት ክፍያ አማራጭ ክፈቱ። በዓመት የከፈለ ሰው በየወሩ «ልቀጥል ወይስ ልተው?» ብሎ አይወስንም።

መዋጮ ላይ ዋጋ መጨመር ካሰባችሁ ግን ጠንቀቅ በሉ። በዲሴምበር 2017 ፓትሪዮን ራሱ የማስተላለፊያውን ክፍያ ወደ ደጋፊዎች ሊያዞር ሞክሮ ነበር። በተለይ ለብዙ ሠሪዎች 1 ዶላር 1 ዶላር የሚሰጡ ሰዎች ተቆጥተው መዋጯቸውን አቋረጡ። ድርጅቱ በቀናት ውስጥ ይቅርታ ጠይቆ ውሳኔውን ተወው። አዲሱ ዋጋ ለአዲስ ደጋፊ ብቻ ይሁን፣ ነባሩ በቆየበት ይቀጥል።

ስንት ወር ቀራችሁ?

ይህን ስሌት ብዙ ሰው ይሳሳተዋል። 6,000 ዶላር ቁጠባ አላችሁ፣ የወር ወጪያችሁ 1,500፣ ገቢያችሁ 1,100 ነው እንበል። ጉድለቱ 400 ስለሆነ 15 ወር የሚያቆይ ይመስላል። ነገር ግን ገቢው በየወሩ 50 ዶላር እየወረደ ከሆነ ጉድለቱ 400፣ 450፣ 500 እያለ ይሄዳል። ቁጠባው 10 ወር አይሞላም። የአምስት ወር ልዩነት ለአንድ ጌም ብዙ ነው። ስሌቱን በየወሩ አድሱ። የቀረው ከስድስት ወር ሲያንስ ደግሞ የትርፍ ሰዓት ሥራ መፈለግ ወይም ጌሙን ማሳጠር ይጀመር። ገንዘቡ ካለቀ በኋላ የሚደረግ ውሳኔ ሁሉ በጥድፊያ ነው።

ሌላ በር ክፈቱ

ወርሃዊ መዋጮ ብቻውን ለረጅም ጊዜ አይበቃም፣ ቢያንስ እኔ እንዲህ አምናለሁ። ጌሙ ቅርጽ ከያዘና የሚጫወቱት ዴሞ ካለው፣ ለአንድ ሥራ አስቀድሞ ገንዘብ የሚሰበሰብበት ድረ ገጽ ኪክስታርተር አንድ አማራጭ ነው። እዚያ የተባለው መጠን ካልሞላ ምንም አይከፈልም፣ ከሞላ 5 በመቶና የክፍያ ማስተላለፊያ ይቆረጣል። አንደርቴል የተባለው ጌም በ2013 ዴሞ ይዞ 5,000 ዶላር ጠይቆ ከ51,000 በላይ አገኘ። የወጣው ግን በ2015 ነው። ስለዚህ ገንዘቡን ስትጠይቁ የመዘግየቱን ወጪም አስቡ።

ሌላው መሸጥ ነው። የኮምፒውተር ጌም የሚሸጥበት ስቲም ለአንድ ጌም 100 ዶላር የመመዝገቢያ ክፍያ ይጠይቃል፣ ከሽያጩም በመደበኛው 30 በመቶ ይወስዳል። ገጹን ግን ጌሙ ሳያልቅ መክፈት ይቻላል። ጌሙን ዊሽሊስት (የሚፈልጋቸውን ጌሞች የሚይዝበት ዝርዝር) ላይ ያስገባ ሰው በሚወጣበት ቀን ኢሜይል ይደርሰዋል። ገጹን ደጋፊዎቻችሁ ገና ሳይበተኑ ክፈቱት። ገንዘብ መስጠት ያቆመ ሰው እንኳ ዊሽሊስት ላይ ማስገባት ምንም አያስከፍለውም።

አዳምስ ወንድማማቾችም በመጨረሻ ይህን መንገድ ያዙ። በ2019 ጌሙን በአሳታሚው ኪትፎክስ ጌምስ በኩል ስቲም ላይ እንደሚሸጡ አሳወቁ። ከምክንያቶቹ አንዱ የሕክምና ወጪ ነበር፣ በልገሳ የሚኖር ሰው እንዲህ ያለ ወጪ ሲመጣበት የሚያርፍበት የለውም። ጌሙ በዲሴምበር 2022 ወጣ። በመጀመሪያው ወር ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ኮፒ ተሸጠ። የዲሴምበሩ ሽያጭ ገንዘብ የደረሳቸው በቀጣዩ ወር ስለሆነ ለጃንዋሪ 2023 ያሳወቁት ገቢ ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር፣ ከዚያ በፊት በነበረው ወር 15,000 ዶላር ገደማ ነበር። እንዲህ ያለ ውጤት ብርቅ ነው፣ እቅድ አይደረግም። የሚወሰደው ትምህርት ሌላ ነው፦ ያለ ሥዕላዊ ገጽታ የሚወርደውን የቆየውን ጌም በነፃ መስጠት አላቆሙም። ለዓመታት የረዷቸው ሰዎች ምንም አልተቀማባቸውም።

ሽያጭ ካሰባችሁ ለደጋፊዎቻችሁ ከሌላው ሰው ቀድማችሁ ንገሩ። ሦስት ነገር በጽሑፍ ይገለጽ፦ የስቲም ቁልፍ (ጌሙን እዚያ የሚከፍት ኮድ) በነፃ የሚያገኘው ማን እንደሆነ፣ እስከየትኛው ቀን የደገፈ እንደሚካተት፣ ከሽያጩ በኋላም ወርሃዊው መዋጮ ይቀጥል ወይም ይዘጋ እንደሆነ። ከቻላችሁ ቀደም ብለው የለቀቁትንም፣ የተወሰነ መጠን ካዋጡ፣ ቁልፍ ከሚያገኙት ዝርዝር ውስጥ አስገቧቸው።