የቤት ማከማቻችሁ አላስገባ ሲላችሁ

ፎቶና ዶክመንት የምታስቀምጡበት የቤት ኔትወርክ ማከማቻ፣ ማለትም ናስ፣ ፓስወርድ ተሳስቷል ካላችሁ መጀመሪያ እጃችሁን ሰብስቡ። ደጋግሞ መሞከር ነገሩን ያባብሰዋል። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ስህተት ሲደጋገም ሙከራው የመጣበትን አይፒ አድራሻ (መሣሪያው በኔትወርክ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር) ይዘጋሉ። ከዚያ በኋላ ትክክለኛውን ብታስገቡም አይሰማም። እኔ አንዴ ግማሽ ቀን የፈጀሁት በዚህ ነው። ፓስወርዱ ልክ ነበር፤ የተዘጋው ላፕቶፔ ነው። በስልኬ ስሞክር ወዲያው ገባሁ!

ስለዚህ ከሌላ መሣሪያ ሞክሩ። ብራውዘሩ አሮጌ ፓስወርድ እየሞላላችሁ እንዳይሆንም እዩ። የናሱ መግቢያ ገጽ ጭራሽ ካልከፈተ ግን ጥፋቱ የፓስወርድ ላይሆን ይችላል፤ ራውተሩ ለናሱ አዲስ አይፒ ሰጥቶት ይሆናል። ራውተሩ ውስጥ የተገናኙ መሣሪያዎችን ዝርዝር ተመልከቱ። ከፓስወርዱ ቀጥሎ የሚጠይቀውን፣ የስልካችሁ አፕ የሚያወጣውን ባለ 6 አሃዝ ኮድ አልቀበል ካለ ደግሞ የስልካችሁን ሰዓት አስተካክሉ።

ይህ ሁሉ ካልሠራ የሪሴት ቁልፉ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ በኩል ትንሽ ቀዳዳ ውስጥ ነው። ሲኖሎጂ በሚባለው የናስ ብራንድ ላይ በቀጭን ሽቦ 4 ሰከንድ ያህል ተጫኑትና አንዴ «ቢፕ» ሲል ወዲያው ልቀቁ። የአድሚን መግቢያውና የኔትወርክ ሴቲንጉ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፤ ፋይላችሁ አይነካም። ከለቀቃችሁ በኋላ ግን እንዳትደግሙት። በ10 ሰከንድ ውስጥ ድጋሚ ተጭናችሁ ከያዛችሁት ሲስተሙን እንደ አዲስ ኢንስቶል ወደ ማድረግ ይገባል። ኢንክሪፕት ያደረጋችሁት (በሚስጥር ኮድ የቆለፋችሁት) ፎልደር ካለ፣ ሽቦውን ከማንሳታችሁ በፊት የፎልደሩን መክፈቻ ኮድ ፈልጉ።