የተላጠ የበር መቃን ላይ ቀለም ከመደረባችን በፊት

ደብረ ማርቆስ እናቴ ቤት፣ ወደ ማድ ቤት የሚያስገባውን በር መቃን በጥፍሬ ነካ ባደርገው ቀለሙ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተገፎ መጣ። ወሩ የዓምና ጥር ነበር። የተቀባው ለእንቁጣጣሽ ተብሎ ነሐሴ ላይ ነበር። እማዬ «ፎርጅድ ቀለም ሸጠውልህ ነው» አለች። ቀለሙስ ደህና ነበር። ቀቢው እኔ ነኝ።

የመጀመሪያው ስህተት ልጣጩን ሳያዩ መጣል ነው። ገልብጡትና ጀርባውን እዩት። የእንጨት ጭረት ይዞ ከመጣ አብዛኛውን ጊዜ እንጨቱ እርጥበት አለበት። ጀርባው ንጹሕ ሆኖ ከሥሩ የድሮው ቀለም ካብለጨለጨ፣ ሳይፈገፈግ ነው የተደረበው። የእኛው ጀርባ ቡናማ ነበር፤ ጣት ላይ ይሙለጨለጫል። የጭስና የወጥ ቅባት!

ይኼ ሁለተኛው ነው፦ ሳያጥቡ መፈግፈግ። ቅባትን በብርጭቆ ወረቀት ቢፈገፍጉት ይበልጥ ያሹታል እንጂ አይለቅም። መጀመሪያ በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና ማጠብ፣ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ፣ ማድረቅ። ከዚያ የላላውን በስፓቱላ ማንሳት፣ የቀረውን በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ማብለጭለጩ እስኪጠፋ መፈግፈግ። ባዶ የወጣው እንጨት ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ መያዣ) ይፈልጋል።

ከግድግዳ የተረፈን የውሃ ቀለም አሮጌ የዘይት ቀለም ላይ እንዲሁ መደረብም የተለመደ ነው። አይይዝም።

አቧራውን አትናቁት። በአሮጌ ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል፤ እርሳስ ደግሞ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ ወረቀቱን ውሃ እየነከሩ መፈግፈግ፣ ልጆቹን ጎረቤት መስደድ፣ ብናኙን በእርጥብ ጨርቅ መሰብሰብ ነው። በእሳት ማንሳት የሚባለውንማ እርሱት። ቀለም በቤንዚን የሚያቀጥንም አይቻለሁ፣ ከሰል ከተቀጣጠለበት ማድ ቤት አጠገብ! ዘመድ ስለሆነ ዝም አልኩ።

የጎጃም ዋናው ስህተት ግን ወሩ ነው። ሁላችንም ለበዓል ብለን ነሐሴ ላይ እንቀባለን። በዚያ ወቅት እንጨቱ ዝናቡን ጠጥቶ አብጧል፤ በሩ አልዘጋ ማለቱ ምልክቱ ነው። እርጥበቱን ቀለም ከደፈንንበት፣ በበጋ ሲወጣ ቀለሙን ይዞት ይነሳል። ኅዳር ድረስ ብትታገሡ ይሻላል። እማዬን ማሳመን ከቻላችሁ።

እኔ ዘንድሮ ኅዳር ላይ አጥቤ፣ ፈግፍጌ፣ ሁለት እጅ ቀባሁት። እስካሁን ይዟል። ከወለሉ ከፍ ብሎ ያለው አንድ ስንዝር ያህል ብቻ እንደገና መነሳት ጀምሯል። የእንጨቱ የተቆረጠ ጫፍ ውሃ ይመጥጣል፣ እማዬ ደግሞ ወለሉን የምታጥበው በባልዲ እየደፋች ነው።