ለትንሽ ቤት የውሃ ማሞቂያ እንዴት ይመረጣል? ባሕር ዳር ለምትኖሩ

ባሕር ዳር ቀን ቀን ሞቃት ናት። ጠዋቱ ግን ሌላ ነው። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ። ማማ ላይ ያደረ የሮቶ ውሃ በዚያ ሰዓት ሰውነት ላይ ሲፈስ ትንፋሽ ያሳጥራል። ሕፃን ወይም አዛውንት ላለበት ቤት ሙቅ ውሃ ቅንጦት አይደለም።

ብዙ ሰው መጀመሪያ ሱቅ ይሄዳል፤ ዋጋው የተስማማውን ይገዛል። ቤቱ ይቻለው አይቻለው የሚታየው በኋላ ነው። እናንተ መጀመሪያ የቤታችሁን መብራትና ውሃ እዩ።

ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች «ኮምቢ ቦይለር ግዙ» ሊሏችሁ ይችላሉ። እሱ የሻወሩን ውሃም ክፍሎቹንም ባንድ ላይ የሚያሞቅ የጋዝ ማሽን ነው። የተሰራው ክረምቱ በረዶ ለሆነበት፣ ጋዝ በቧንቧ ቤት ድረስ ለሚገባበት አገር ነው። እኛ ክፍል ማሞቅ አያስፈልገንም፣ የጋዝ መስመርም የለንም። ስለዚህ ምርጫችን ባብዛኛው ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ታንከር ያለው የኤሌክትሪክ ቦይለር፣ ውሃው እያለፈ የሚሞቅበት ኢንስታንት፣ ወይም ሶላር።

1. ብሬከሩን አንብቡ

የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል። በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ይሆናል። 5,500 ዋት የሆነ ኢንስታንት ደግሞ 25 አምፔር ይስባል። ዋናው ብሬከራችሁ ላይ 25 ወይም 32 የሚል ከተጻፈ፣ እንጀራ እየተጋገረ ሻወር የሚገባ ሰው ቤቱን ሁሉ ጨለማ ያደርገዋል። ቆጣሪውን ከአከራይ ጋር የምትጋሩ ከሆነ የእነሱንም ምጣድ ቁጠሩ። 1,500 ዋት የሆነ ታንከር ቦይለር ግን 7 አምፔር ብቻ ነው የሚወስደው።

የትኛውንም ብትመርጡ ከብሬከሩ የራሱ መስመር ይሳብለት። ለ1,500 ዋት 2.5 ሽቦ (ውፍረቱ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ) ይበቃል። ለ5,500ው 4፣ ርቀት ካለው ደግሞ 6 ሽቦ ይሁን። ከሁሉ በላይ የመሬት መስመር፣ ኤሌክትሪሺያኖች ኧርዝ የሚሉት፣ መኖሩን አስፈትሹ። ኧርዝ ከሌለ ማሞቂያ አታስገጥሙ። ውሃና መብራት በሚገናኙበት ክፍል እርጥብ እግር ይዞ የሚቆመው ልጃችሁ ነው። መብራት ሲያፈስ በቅጽበት የሚያቋርጥ የ30 ሚሊ አምፔር ብሬከርም ጨምሩበት።

2. ውሃችሁን በባልዲ ለኩ

ኢንስታንት የሚነሳው በቂ ውሃ ሲያልፍበት ነው። ከሮቶ የምትጠቀሙ ከሆነ ግፊቱን የሚወስነው ከፍታው ነው፤ ውሃው ከሻወሩ አናት በ1 ሜትር ከፍ ሲል የምታገኙት 0.1 ባር ብቻ ነው። የመስመር ውሃ በሌለበት ቀን ባለ 10 ሊትር ባልዲ ከሻወሩ ሥር አድርጉና በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። በ2 ደቂቃ ከሞላ ጥሩ ነው። ከ4 ደቂቃ በላይ ከፈጀ ኢንስታንቱን እርሱት።

በኔ እምነት መብራት ለሚቆራረጥበት ትንሽ ቤት ታንከሩ ይሻላል። ማታ የሞቀው ውሃ ጠዋት መብራት ባይኖርም ይጠብቃችኋል። ኢንስታንት መብራት ሲጠፋ ወዲያው ቀዝቃዛ ነው። ተከራይ ከሆናችሁም ታንከሩን ነቅላችሁ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ።

3. ሊትሩን ምረጡ

አንድ ሰው 5 ደቂቃ ሲታጠብ 35 ሊትር ገደማ ለብ ያለ ውሃ ይጠቀማል። 60 ዲግሪ የሞቀ 50 ሊትር ከቀዝቃዛው ጋር ሲደባለቅ ለሁለት ሰው በተከታታይ ይበቃል። ለብቻው ለሚኖር 30 ሊትር፣ ለአራት ሰው ቤተሰብ 80 ሊትር በቂ ነው። 50 ሊትሩ በ1,500 ዋት ለመሞቅ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ 2.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ መሆኑ ነው። ቀኑን ሙሉ ተሰክቶ አይዋል።

ሶላር ለማን?

የራሱ ቤት ላለው ሰው ሶላር አሪፍ ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ፀሐያችን አያሳፍርም። በሐምሌና በነሐሴ ግን ደመናው ስለሚያሸንፍ ውስጡ መጠባበቂያ የኤሌክትሪክ ሬዚስታንስ፣ ማለትም ውሃውን የሚያሞቀው ብረት፣ ያለውን ግዙ። ፊቱ ወደ ደቡብ ይዙር። ግፊት የማይዘውን ዓይነት ከመረጣችሁ ሮቶው ከሶላሩ ታንከር ከፍ ማለት አለበት፤ አለዚያ ውሃ አይገባለትም። 200 ሊትር ማለት 200 ኪሎ ነው። ቆርቆሮ ላይ ዝም ብሎ አይጫንም፣ የራሱ የብረት መቆሚያ ይበየድለት።

በሲሊንደር ጋዝ የሚሰራ ማሞቂያም አለ። እሱን መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አታስገጥሙ። በደንብ ያልነደደ ጋዝ የሚያወጣው መርዝ፣ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ሰው የሚገድልበት ያው መርዝ ነው። ሽታም የለው።

4. ሱቅ ስትገቡ

ዋቱንና ሊትሩን ከካርቶኑ ሳይሆን ከራሱ ከቦይለሩ ታርጋ ላይ አንብቡ። ሬዚስታንሱ ቢቃጠል መለዋወጫው እዚሁ ባሕር ዳር ይገኝ እንደሆነ ጠይቁ። ታንከሩን ከዝገት የሚጠብቀው የማግኒዚየም ዘንግ መኖሩንም አረጋግጡ፤ እያለቀ ስለሚሄድ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ይታያል። የቤታችሁ ማንቆርቆሪያ ውስጡ ነጭ ቅርፊት የሚይዝ ከሆነ ቶሎ ቶሎ ይታይ።

5. ሲገጠም አብራችሁ ቁሙ

ውሃ የሞላ ባለ 50 ሊትር ቦይለር ከ60 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ተራ ፊሸር አይበቃውም፤ ግድግዳውን አልፎ ከጀርባ በብረት ሳህን የሚታሰር ረጅም ቡሎን ይሁን። ጭቃ ቤት ከሆነ ግድግዳው ላይ አይሰቀል፣ መሬት ላይ የሚቆም የብረት ስታንድ አሰሩለት።

ቀዝቃዛው ውሃ በሚገባበት በኩል ትንሽ እጀታ ያላት ሴፍቲ ቫልቭ ትገጠማለች። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋልና ትርፉን በእሷ በኩል ጠብ ጠብ ያደርጋል። ያ ጤንነቷ ነው። «እያፈሰሰች ነው» ብሎ የሚደፍናት ወይም በተራ ቫልቭ የሚቀይራት ሰራተኛ ካያችሁ አስቁሙት። ግፊቱ መውጫ ካጣ ታንከሩ ሊፈነዳ ይችላል። ለጠብታዋ ቀጭን ጎማ አድርጉና ወደ ፍሳሹ ምሩት።

በመጨረሻ መብራቱን ከማብራታችሁ በፊት የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ክፈቱ። መጀመሪያ አየር እየተፋ ይወጣል። ውሃው ሳይቆራረጥ መውረድ ሲጀምር ታንከሩ ሞልቷል። ያኔ ቧንቧውን ዝጉና አብሩ፤ ባዶ ታንከር ላይ የበራ ሬዚስታንስ ወዲያው ይቃጠላል።