«ዋስ ሁነኝ» ሲባሉ፦ የዕለት ውሳኔን በእምነት እንዴት መወሰን ይቻላል

ዓርብ ማታ ነው። ነገ ቅዳሜ ገበያ ምን እንደሚገዛ ከባለቤትዎ ጋር እየተነጋገሩ ሳለ የአጎትዎ ልጅ ጎንደር ጥግ ካለችው አዘዞ ይደውላል። «አያ፣ 200,000 ብር ልበደር ነው። ሁሉ ነገር አልቋል፣ የቀረው የአንተ ፊርማ ብቻ ነው። ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ብቅ በልልኝ።»

«እሺ» ለማለት አፍታ አይፈጅም። ዘመድ ነው፣ ደግሞም ክርስቲያን ወንድሙን ይረዳል ይባላል። «አልችልም» ማለቱ ያሳፍራል። እንዲህ ያለ ጊዜ ብዙ ሰው ጸሎት አይተውም፣ ችግሩ የሚጸልየው ከወሰነ በኋላ መሆኑ ነው። ንስሐ አባቱንም የሚጠይቃቸው ፊርማው ከደረቀ በኋላ ነው፤ ያኔ አባት ማጽናናት እንጂ መምከር አይችሉም። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ቅደም ተከተሉን ለማስተካከል ነው። ለዋስትና የሠራ ለቤት ኪራይም፣ ለድግስም፣ ለሥራ ለውጥም ይሠራል።

1. ጥያቄው የትኛው ዓይነት እንደሆነ ይለዩ

ትእዛዝ ያለበት ነገር ምክር አይፈልግም። ቅዳሜ ገበያ በርበሬ የሚመዝን ሰው ጣቱን ሚዛኑ ላይ ያሳርፍ አያሳርፍ እንደሆነ ሱባኤ ገብቶ አይጠይቅም። አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ እንደሆነ ምሳሌ 11፥1 ላይ ተጽፏል፣ አለቀ። ጉቦና የሐሰት ምስክርነትም እንደዚሁ ናቸው። እንዲህ ባለ ነገር «ልጸልይበት» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ፈቃድ እየፈለገ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ቀድሞ ቃል የተገባበት ነው፦ የዕቁብ ተራ፣ የዕድር መዋጮ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ወላጅን መጦር። አዲስ በጎ ሥራ አሮጌውን ግዴታ አያነሣም። ጌታ ፈሪሳውያንን የወቀሳቸው ለአባትና ለእናት የሚገባውን «ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ» እያሉ በመከልከላቸው ነው (ማር. 7፥10–13)። ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ትልቅ ገንዘብ ቃል ገብቶ የእናቱን መድኃኒት መግዣ ያጣ ሰው ይህን ምዕራፍ ቁጭ ብሎ ቢያነበው መልካም ነው።

ሦስተኛው ሁለቱም መንገድ የተፈቀደበት ነው። ድካሙ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀጣዮቹ ደረጃዎች በሙሉ ለዚህኛው ናቸው።

2. ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፣ ቁጥር ያስገቡበት

«ዘመዴን ልርዳ?» የሚል ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ስለሆነ ምንም አያስተምርም። እንዲህ ብለው ይጻፉት፦ «ለ200,000 ብር፣ ለ24 ወር፣ በአንድነትና በነጠላ ኃላፊነት፣ ባለቤቴ ሳታውቅ ልፈርም?» («በአንድነትና በነጠላ» ማለት አበዳሪው በቀጥታ እርስዎን መጠየቅ ይችላል ማለት ነው።) እጅዎ «ባለቤቴ ሳታውቅ» የሚለው ላይ ሲደርስ የሚያመነታ ከሆነ የመልሱ ግማሽ መጥቷል። የቤተሰብ ሕጉም ቢሆን ከጥቂት ብር ላለፈ ዋስትና የባልና የሚስትን ስምምነት ይጠይቃል።

መጻፍ የማይሆንላቸው አሉ። ለእነሱ ጮክ ብሎ ለአንድ ሰው መናገር ያው ነው። በልብ ብቻ የተያዘ ጥያቄ ግን በየሰዓቱ መልኩን ይለዋውጣል።

3. በሦስት ወንፊት ይንፉት

ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች «ሁሉ ተፈቅዶልኛል፥ ነገር ግን ሁሉ የሚጠቅመኝ አይደለም» ይላቸውና፣ አንዳች ነገር እንዲሠለጥንበት እንደማይፈቅድ ይጨምራል (1ኛ ቆሮ. 6፥12)። የመጀመሪያው ወንፊት ይህ ነው፦ ይህ ነገር ጌታዬ ይሆናል? ዕዳ፣ ስልክና መጠጥ ብዙ ጊዜ የሚቀሩት እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛው በዚያው መልእክት 10፥23–24 ያለው ነው፦ ሌላውን ያንጻል ወይስ ያፈርሳል? ሦስተኛው ማቴ. 7፥12፦ ቦታ ብንለዋወጥ ይህን እንዲያደርግልኝ እፈልግ ነበር?

በጎንደር ሦስተኛው ወንፊት በደንብ የሚፈተነው በጥር ነው። ለጥምቀት ከተማው ይሞላል፣ ክፍል ያለው ሁሉ ያከራያል። በሰሞኑ ዋጋ መጨመር በራሱ ኃጢአት ነው ማለት ያስቸግራል፣ ባለቤቱም ወጪ አለበትና። መስመሩ የሚታለፈው ሌላ ቦታ ላይ ነው። በስልክ አንድ ዋጋ ተስማምቶ እንግዳው ሻንጣውን ካወረደ በኋላ ሌላ ዋጋ መጥራት አንዱ ነው። ዓመቱን ሙሉ ኪራይ ሲከፍል የኖረን ተማሪ «ለዐሥር ቀን ጓደኛህ ጋ እደር» ብሎ ማስወጣትም እንዲሁ። ልጅዎ በሌላ ከተማ ተከራይ ቢሆን ኖሮ ምን ይሉ ነበር? ከዚያ በኋላ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር መውረድ ይቻላል።

4. ከመወሰንዎ በፊት ይጸልዩ፣ ቀኑንም ይገድቡ

ለትንሽ ጉዳይ አንድ ሌሊት ይበቃል። ገንዘብና ሰው ለተነካበት ሦስት ቀን፣ ለጋብቻ ወይም ከተማ ለቆ ለመሄድ ሰባት ቀን ይያዙ። የአጎትዎ ልጅ ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት ነው የሰጠዎት፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚነግሩት ቃል «እስከ ረቡዕ ማታ አሳውቅሃለሁ» የሚለው ይሁን። ቀነ ገደብ የሌለው «እየጸለይኩበት ነው» መልስን መሸሻ ይሆናል።

ጠዋት ከአቡነ ዘበሰማያት ጋር የዳዊትን 14ኛ መዝሙር (በአንዳንድ እትም 15ኛ ነው) ይድገሙ። በእግዚአብሔር ድንኳን የሚያድረው ማን እንደሆነ ይጠይቅና ቃሉን የማያጥፈውን፣ ገንዘቡን በአራጣ የማያበድረውን፣ በንጹሕ ላይ ጉቦ የማይቀበለውን ይቆጥራል። ለገንዘብ ውሳኔ ከዚህ የተሻለ መነሻ አይገኝም። ከዚያ በራስዎ ቃል ጥበብን ይለምኑ (ያዕ. 1፥5)።

እዚህ ደረጃ ላይ የሚበላሸው ነገር ምልክት መፈለግ ነው። «ዛሬ ሕልም ካየሁ እፈርማለሁ» ያለ ሰው ሕልም ማየቱ አይቀርም፣ ሲያስበው ያደረውን ነውና። ኮከብ ማስቆጠርና ጠንቋይ ቤት መሄድ ደግሞ ከናካቴው የተከለከለ ነው፣ «ደብተራው እኮ ዳዊት እየደገሙ ነው» ቢባልም። ስለትም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለቁስቋም ማርያም ጧፍና ዕጣን መሳል አንድ ነገር ነው፤ «ብድሩ ከተሳካ 20,000 ብር አገባለሁ» ማለት ግን በዕዳ ላይ ዕዳ ነው። ተስሎ ከማስቀረት አለመሳል እንደሚሻል መክብብ 5፥5 ላይ ተጽፏል።

5. ንስሐ አባትዎን በትክክለኛው ሰዓት ያማክሩ

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መስቀል ለመሳለም ሰው ሲጋፋ ተጠግቶ መጠየቅ ትርፉ «እግዚአብሔር ይርዳህ» ነው። በሥራ ቀን ከጠዋት ኪዳን በኋላ ወይም ጠበል ለመርጨት ቤት ሲመጡ ይሻላል። መስቀል ከተሳለሙ በኋላ የጻፉትን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ያንብቡላቸው፦ «አባ፣ ለዘመዴ የ200,000 ብር ዋስ ልሁን ብዬ ነው። እሱ ባይከፍል እኔ የምከፍለው ከልጆቼ አፍ ነው። ምን ይመክሩኛል?» «ዋስ ልሁን ወይ?» ብቻ ካሏቸው ስለ ቸርነት ይመክሩዎታል፣ ምክሩም ትክክል ይሆናል፣ እርስዎ ግን ያልጠየቁት ጥያቄ መልስ ይዘው ይመለሳሉ። ባለትዳር ከሆኑ ሁለታችሁም ሂዱ።

ንስሐ አባት ሐኪም አይደሉም። መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ስለ ጾም አወሳሰናቸው ሐኪሙንም ንስሐ አባታቸውንም ይጠይቁ። ጠበል ለመግባት ብሎ የስኳር ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒት ማቋረጥ ሰው ገድሏል። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም በዘመናቸው መድኃኒትና ጠበል እንደማይጣሉ በይፋ ተናግረዋል።

6. ሒሳቡን ይሥሩ

ግንብ ሊሠራ የሚወድ አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሣራውን እንደሚቆጥር ጌታ ራሱ አስተምሯል (ሉቃ. 14፥28)። ሒሳብ መሥራት የእምነት ማነስ የሚመስላቸው ይህን ቃል ዘለውታል።

እንበል፣ በእጅዎ የሚገባው ደመወዝ 14,000 ብር ነው። ኪራይ 4,500፣ አስቤዛ 5,000፣ ትምህርት ቤትና ባጃጅ 1,600፣ አሥራት 1,400፣ ዕድርና ዕቁብ 700። ድምሩ 13,200 ነው፣ በወር የሚተርፍዎ 800 ብር። 200,000 ብር ለ24 ወር ሲካፈል ወለዱ ሳይቆጠር በወር 8,333 ብር ይሆናል። ተበዳሪው ካቆመ ክፍያው የትርፍዎ ዐሥር እጥፍ ነው። ያኔ መጀመሪያ የሚቋረጠው አሥራቱ ነው፣ ቀጥሎ የልጅ ትምህርት ቤት።

ውሉ ላይ ሁለት ነገር ይፈልጉ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተጻፈ የዋስትና ውሉ አይጸናም። ስለዚህ ያን ቁጥር አግኝተው ወለዱና ቅጣቱ በውስጡ ይሁን በላዩ ይጠይቁ። «የአንድነትና የነጠላ» የሚል ካለበት ደግሞ አበዳሪው ተበዳሪውን ሳይነካ በቀጥታ እርስዎ ላይ መምጣት ይችላል። አብዛኛው ሰው «መጀመሪያ እሱን ይጠይቁታል» ብሎ ነው የሚፈርመው።

ምሳሌ 6፥1–5 ለሌላ ሰው ዋስ የሆነውን በወጥመድ እንደተያዘ ሚዳቋ ያየዋል። ዋስ መሆን ኃጢአት ነው አላለም። አንድ ቀላል መለኪያ አለ፦ ይህን ያህል ገንዘብ በስጦታ ብሰጠው ቤቴ ይቆማል? ይቆማል ካሉ ይፈርሙ። አይቆምም ካሉ የሚችሉትን ያህል ይስጡት፣ ፊርማዎን ግን ይያዙ።

7. መልሱን በግልጽ ይናገሩ

«ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን» የሚለውን ሁላችንም በቃል እናውቀዋለን፣ አፋችን የለመደው ግን «እስቲ እናያለን» ነው። በይሉኝታ የተንጠለጠለ ሰው ሌላ ዋስ አይፈልግም፣ እርስዎን ይጠብቃል። ከቀጠሮው ቀን ሳያሳልፉ፣ ቢቻል በአካል ሄደው፣ እንዲህ ይበሉ፦ «ወንድሜ፣ ዋስ ልሆንህ አልችልም፣ አቅሜ አይደለም። 5,000 ብር ግን ከዕቁቤ አውጥቼ እሰጥሃለሁ፣ ባትመልሰውም ቅር አይለኝ።» ምክንያት አይደርድሩ። ሦስት ምክንያት የሰማ ሰው ለሦስቱም መፍትሔ ይዞ ይመለሳል።

ከትልቁ ውሳኔ ይልቅ ቃል የሚታጠፈው በትንሹ ነው። ለሰርግ የሚለበስ የሀበሻ ቀሚስ «በ22 ይደርሳል» ብሎ የተቀበለ ልብስ ሰፊ በ21 የማርያም በዓል ነው ብሎ ሱቁን ቢዘጋ በዓል አክብሯል፣ ቃሉን ግን አጥፏል። ቀጠሮ ሲሰጥ የግድግዳውን የቀን መቁጠሪያ አይቶ 12፣ 21፣ 27፣ 29 እና እሑዶችን ቀድሞ ማውጣት ነበረበት። ረቡዕና ዓርብም እንዲሁ ናቸው፦ ከበዓለ ሃምሳ፣ ከልደትና ከጥምቀት በስተቀር የጾም ቀናት መሆናቸው ዓመቱን ሙሉ ይታወቃልና፣ የምሳ ግብዣ ሲቀጥሩ ቀድሞ መናገር ጋባዡን ዶሮ አሠርቶ ከማሳፈር ያድናል።

ፈርመው ከሆነስ?

ያው የምሳሌ መጽሐፍ ለዓይንህ እንቅልፍ አትስጥ ይላል። በዚያው ምሽት ለባለቤትዎ ይንገሩ። በማግስቱ የውሉን ቅጂ ይቀበሉና ከፍተኛውን መጠንና የመክፈያ ቀኑን በስልክዎ ላይ ይመዝግቡ። ከተበዳሪው ጋር በየወሩ በመክፈያው ማግስት ደረሰኙን ፎቶ አንሥቶ እንዲልክልዎ ይስማሙ፤ አንድ ወር ካልመጣ በዚያው ሳምንት ሄደው ይጠይቁት፣ ሦስት ወር አይጠብቁ። በወር የሚተርፍዎን 800 ብር ደግሞ ለብቻው ማስቀመጥ ይጀምሩ። ይህን ሁሉ ካደረጉ በኋላ ወደ ንስሐ አባትዎ ይሂዱ፣ ውሉንም ይዘው።