የግንባታ ፈቃድን ወደ ኮምፒውተር ሲያስገቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ይሁን ሐይቅ፣ የግንባታ ፈቃድ ሥራ ዲጂታል ሲሆን ነገሩን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ሶፍትዌሩ አይደለም። ስህተቱ የሚገባው በኮምፒውተሩና በመሬቱ መካከል ነው፤ ኮኦርዲኔቱ (ቦታውን በካርታ ላይ የሚለየው ቁጥር) ላይ፣ ስሙ ላይ፣ ቀኑ ላይ፣ ሜትሩ ላይ። ቀጥሎ ያሉት ለማዘጋጃ ቤት ባለሙያም ፈቃድ ለሚጠይቅ ባለይዞታም የሚጠቅሙ ናቸው።

የኮኦርዲኔቱን መነሻ አለመመዝገብ

የቆዩ የአገራችን ካርታዎችና ከእነሱ የተቀዱ ብዙ የይዞታ ሰነዶች አዲንዳን በሚባለው የመለኪያ መነሻ የተሠሩ ናቸው። የስልክ ጂፒኤስ የሚያነበው ግን በሌላ መነሻ፣ በደብሊውጂኤስ 84 ነው። ወሎ በሙሉ ዩቲኤም በሚባለው የካርታ መረብ ዞን 37 ውስጥ ስለሚገኝ ሁለቱም በወረቀት ላይ አንድ ይመስላሉ፤ ምሥራቁ ስድስት አሃዝ፣ ሰሜኑ ሰባት አሃዝ። መሬት ላይ ሲወርዱ ግን ከ200 ሜትር በላይ ይራራቃሉ። ደሴ ላይ 200 ሜትር ማለት ሌላ ሰፈር፣ ምናልባትም ከወንዝ ማዶ ያለ ተዳፋት ነው። ያልታሰበ ይዞታ ላይ ፈቃድ ይሰጣል፣ ወይም ሥርዓቱ «መንገድ ላይ ነው» ብሎ ትክክለኛውን ማመልከቻ ይመልሳል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቅጹ መነሻው አዲንዳን ይሁን ደብሊውጂኤስ 84 ሳይመረጥ አይለፍ። ከዚያ በቦታውም በአየር ፎቶውም ላይ በግልጽ የሚታይ አንድ ነጥብ፣ ለምሳሌ የመስጊድ ወይም የቤተ ክርስቲያን አጥር ጥግ፣ ተለክቶ ይመሳከር። ደግሞም የስልክ ጂፒኤስ ሰማዩ ክፍት ሆኖም 5 ሜትር ገደማ ሊስት ይችላል። ስፋቱ 10 ሜትር ለሆነ ይዞታ ይህ ግማሹ ነው። ስለዚህ ስልክ ቦታውን ለማግኘት እንጂ ወሰን ለማስቀመጥ አይሆንም፤ ወሰን የቶታል ስቴሽን (የቀያሽ መለኪያ መሣሪያ) ወይም እስከ ሴንቲሜትር የሚለካ ጂፒኤስ ሥራ ነው።

ምድቡን አመልካቹ እንዲመርጥ መተው

ለዓመታት የተሠራበት የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃን የከፈለው በሦስት ምድብ ነው። ምድብ «ሀ» ወለሉ አንድ ብቻ ሆኖ በሁለት ቋሚ ተሸካሚዎች መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ነው። ምድብ «ሐ» ደግሞ የሕዝብ መገልገያ፣ ፋብሪካና ወርክሾፕ፣ ወይም ከመሬት ከፍታው ከ12 ሜትር የሚበልጥ ነው። ከሁለቱ ውጭ ያለው ምድብ «ለ» ነው። አመልካች በራሱ እንዲመርጥ ከተተወ ወደ ቀላሉ ማዘንበሉ አይቀርም። ቅጹ የወለሉን ብዛት፣ የተሸካሚዎቹን ርቀት፣ ከፍታውንና አገልግሎቱን ጠይቆ ምድቡን ራሱ ያውጣ።

ከፍታ ሲባል ደሴ ላይ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከላይኛው መንገድ ሲያዩት ባለ ሁለት ፎቅ የሆነ ቤት ከታችኛው መንገድ ሲያዩት አምስት ሊሆን ይችላል። አንድ የከፍታ ሣጥን ብቻ ካለ አመልካቹ የላይኛውን ይጽፋል፤ 12 ሜትሩም ሳይታይ ያልፋል። የላይኛውንና የታችኛውን የመሬት ደረጃ ለየብቻ ይጠይቁ። ተዳፋቱን የሚያሳይ ሴክሽን (የጎን ቁራጭ ንድፍ) እና የድጋፍ ግንቡ ንድፍ ከሌለ ፋይሉ አይከፈት።

በስም መፈለግ

ኃይሉ፣ ሃይሉ፣ ሐይሉ። ለሰው አንድ ስም ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ሦስት። ሰሎሞንና ሠሎሞን፣ ፀሐይና ጸሐይም እንዲሁ። አንድ ይዞታ ሁለት ፋይል የሚኖረው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። ፍለጋው ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት እንደ አንድ ይቁጠር፤ የፋይሉ መለያ ግን ስም ሳይሆን የይዞታው ቁጥርና የባለይዞታው 12 አሃዝ የፋይዳ ቁጥር ይሁን።

ቀኑን ማደባለቅ

የአገልግሎት ጊዜው «2017» ተብሎ የተመዘገበ ፈቃድ በፈረንጅ አቆጣጠር ለተሠራ ሥርዓት ያለፈበት ነው። 12 ወር ብቻ የሚያሳይ ቅጽ ደግሞ ጳጉሜን ላይ ይቆማል። ሥርዓቱ ውስጡ በአንድ አቆጣጠር ያስላ፤ ለተገልጋይ የሚያሳየው ግን በእኛው አቆጣጠር ይሁን።

ንድፉን በስልክ ፎቶ መቀበል

በኤ1 ወረቀት በ1፡100 የተሳለ ንድፍ ወደ ኤ3 ሲቀነስ 1፡200 ይሆናል። ጽሑፉ ግን አሁንም «1፡100» ይላል። በማስመሪያ የሚለካ መርማሪ የቤቱን ስፋት በግማሽ ያነባል። በስልክ የተነሳ ከሆነ ጭራሽ ጠርዙ ስለሚጣመም ምንም አይለካም። ከንድፍ መሥሪያው ሶፍትዌር፣ ከኦቶካድ፣ በቀጥታ የወጣ ፒዲኤፍ ይጠይቁ። ሲደርስዎ 10 ሜትር የተጻፈበትን አንድ ግድግዳ ይለኩ፤ በ1፡100 ልክ 10 ሴንቲሜትር ካልሆነ ይመልሱት።

አርማታ ከፈሰሰ በኋላ መመርመር

ከሁሉም የሚያሳስበን ይህ ነው። ወሎ የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው፤ በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬው መሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን ያፈረሰው ከዚህ ብዙም ሳይርቅ ነው። በመንቀጥቀጥ ጊዜ ኮለንን (ምሰሶውን) የሚያቅፈው ስታፋ፣ ማለትም ቋሚ ብረቶቹን ዙሪያቸውን የሚያስረው ቀለበት ነው። የስታፋው ጫፍ 135 ዲግሪ ወደ ውስጥ ካልታጠፈና 90 ላይ ከቀረ፣ የአርማታው ሽፋን ሲረግፍ ይከፈታል፤ ቋሚው ፌሮም ወደ ውጭ ይጎብጣል። አርማታ ከፈሰሰ ይህን የሚያይ የለም።

ስለዚህ ሥርዓቱ የአርማታ ሙሌት ከመጀመሩ በፊት ፎቶ ይጠይቅ፦ የፋይል ቁጥርና ቀን የተጻፈበት ሰሌዳ ከሙሉ ገጽታው ጋር፣ ስታፋው ላይ የተዘረጋ ሜትር፣ የስታፋው ጫፍ በቅርበት፣ በፌሮውና በካሳፎርማው (አርማታው በሚፈስበት ቅርጽ) መካከል ያለው ክፍተት። ፎቶው በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ከተላከ የተነሳበት ሰዓትና ቦታ ይጠፋል፤ እንደ ፋይል ይላክ። ፎቶ ግን ባለሙያው ቦታው ድረስ መሄዱን አይተካም፤ የሚጠቅመው ማንን አስቀድሞ መጎብኘት እንደሚገባ ለመለየት ነው።

ጥንካሬውን ለመፈተሽ ከአርማታው የሚወሰዱት የ15 ሴንቲሜትር ኩቦች በ7 እና በ28 ቀን በመጫኛ ማሽን ይፈተሻሉ። 28ኛው ቀን እስኪደርስ ቀጣዩ ፎቅ ወጥቶ ሊሆን ስለሚችል ማስጠንቀቂያው በ7ኛው ቀን ውጤት ይነሳ። የ7 ቀኑ ጥንካሬ ብዙውን ጊዜ የ28 ቀኑን ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው፤ ከዚያ በእጅጉ ካነሰ ሥራው ይቁም።

ሳተላይት ሁሉን ያያል ብሎ ማመን

በነፃ የሚገኘው የሴንቲኔል 2 ምስል አንዱ ነጥብ 10 በ10 ሜትር ነው። 200 ካሬ ሜትር ይዞታ ሁለት ነጥብ ይሆናል። አዲስ ሰፈር መስፋፋቱን ያሳያል፤ በአንድ ቤት ላይ ፎቅ መጨመሩን ግን አያሳይም። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ደመናው አያሳይም።

የክፍያ ማረጋገጫ በስክሪን ሾት መቀበል

የቴሌብር ደረሰኝ ምስል በቀላሉ ይቀየራል። የግብይት ቁጥሩ ከመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ ጋር ሳይመሳከር ፋይሉ አይንቀሳቀስ።

ሁሉንም አንድ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ሲያዙ የመንግሥት ተቋማት ንብረት ተዘርፏል። ሰርቨሩም መጠባበቂያ ዲስኩም አንድ ሕንፃ ውስጥ ካሉ አብረው ይሄዳሉ። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከከተማው ውጭ ይኑር። ኢንተርኔት ሲቋረጥ የሚሠራበት መንገድም ይዘጋጅ፦ ማመልከቻው በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ይመዝገብ፣ ቁጥር ይሰጠው፣ መስመሩ ሲመለስ ይላክ። በየሦስት ወሩ ደግሞ አንድ የቆየ ፋይል ከመጠባበቂያው ይውጣ፤ ንድፉ እስከነማኅተሙ ከተከፈተ ቅጂው ይሠራል ማለት ነው።