በፈቃደኝነት የሚገባ የግንባታ ሥነ ምግባር፦ ለሰሜን ሸዋ ሥራ ተቋራጮች የአጀማመር መመሪያ

ሥራ ተቋራጮች ሕግ ሳያስገድዳቸው የግንባታ ቦታቸውን በሥርዓት ለመያዝ ቃል የሚገቡበት አሠራር በብሪታንያ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ ኮንሲደሬት ኮንስትራክተርስ ስኪም ይባላል። የተመዘገበው ሥራ ተቋራጭ ይህንኑ የሚገልጽ ሰሌዳ ይሰቅላል፤ ገምጋሚዎች ቦታውን ጎብኝተው ነጥብ ይሰጡታል፤ ጎረቤቶችም ቅሬታቸውን የሚያሰሙበት መንገድ አላቸው።

ተመሳሳይ ሐሳብ ደብረ ብርሃን ወይም ሸዋ ሮቢት ላለ ሥራ ተቋራጭ ሲቀርብለት አስቀድሞ የሚጠይቀው «ወጪውን ማን ይችለዋል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ፤ አሸናፊው በዝቅተኛ ዋጋ በሚለይበት ጨረታ ለአጥር፣ ለመጸዳጃ ቤትና ለጽዳት በቅንነት ዋጋ ያስገባ ተጫራች ምንም ባላስገባው ይበለጣልና። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ከዋጋ ዝርዝሩ ነው። እነዚህ ወጪዎች ሁሉም ተጫራች ዋጋ በሚሞላባቸው ራሳቸውን የቻሉ መስመሮች እንዲቀመጡ አማካሪ መሐንዲሱን ጠይቁ፤ ከግል ባለቤት ጋር ስትዋዋሉም በውሉ ውስጥ አስገቡ።

ግዴታን ከበጎ ፈቃድ ጋር አትቀላቅሉ። ለሠራተኛ የአደጋ መከላከያ ማቅረብ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተጣለ ግዴታ ስለሆነ፣ ሄልሜትና ጓንት ማደልን የፈቃድ ቃል አድርጎ በሰሌዳ ላይ መጻፍ አንባቢን ያሳስታል።

በፈቃድ የምትገቡት ቃል ጎረቤትን በየቀኑ የሚነካውን ነገር ይመለከት። አሸዋና ጠጠር መንገድ ላይ አይገልበጥ፤ በክረምት ጎርፍ ጠርጎ ቦይ ይደፍናል። ለመሠረት የተቆፈረ ጉድጓድ ዝናብ ሞልቶት ሲያድር ለሕፃናትም ለከብትም ወጥመድ ስለሚሆን፣ ቁፋሮው በተጀመረበት ቀን ይታጠር። ታቦት የሚያልፍበት መንገድ ከጥምቀት ዋዜማ በፊት ይጽዳ። በአጠገባችሁ የለቅሶ ድንኳን ከተተከለ ሚክሰርና ቫይብሬተር (የኮንክሪት ማደባለቂያና ማጠቅጠቂያ ማሽኖች) የሚቆሙበትን ሰዓት ከሐዘንተኞቹ ዘመዶች ጋር ተነጋገሩ፤ ይህን የሚያደርግ ፎርማን በሰፈሩ ውስጥ የሚያገኘውን ክብር ምንም ማስታወቂያ አያስገኝለትም።

ሌላ ቦታ የተጻፈ ደንብ እንዳለ መገልበጥ ግን አይጠቅምም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ኮንክሪት የሚሞላው ጧት ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ሆኖ ከመምሸቱ በፊት ቢሸፈን ይመረጣል፤ ሠራተኛውም ጣቱ ሳይደነዝዝ ፌሮ ያስራል። በቆላማው ሸዋ ሮቢት ግን ሥራው በማለዳ ተጀምሮ በቀትር ጥላና የሚጠጣ ውኃ እንዲኖር ቃል መግባት ያስፈልጋል።

ሥራ ተቋራጮች ከወጪው ቀጥሎ የሚሰጉት ገምጋሚ ይበዛብናል ብለው ነው። ለዚህ አዲስ ቢሮ ማቋቋም አያስፈልግም፤ የሰፈሩ ሰው የሚያምነውን የዕድር ዳኛ በየወሩ ቦታውን እንዲጎበኝ መጠየቅ ይቻላል። ለዚህ አገልግሎት ግን ገንዘብ አይከፈለው፤ ከተከፈለው ታዛቢነቱ ይጠረጠራል።

በመጨረሻም ቃሉን በአማርኛ በጉልህ ጽፋችሁ ከኃላፊው ስልክ ቁጥር ጋር በቆርቆሮ አጥሩ ላይ ስቀሉ፤ የመጣውን ቅሬታና የተሰጠውን መፍትሔ በመዝገብ ያዙ። መዝገቡ ለሳምንታት ባዶ ከሆነ ጎረቤት ሰሚ የለም ብሎ ዝም ብሎ ሊሆን ስለሚችል፣ ፎርማኑ በየቤቱ ዞሮ ይጠይቅ።